የደምሴ ዋስ

ጡረታ የወጣሁ ለታ ወህኒ ቤቱ ጋቢ አለበሰኝ። አዛዡም ባደረጉት ንግግር «ዕድሜ ልካቸውን የእስረኛ ቁስል ሲያጥቡ የኖሩ» ብለው አመሰገኑኝ። እውነታቸውን ነው፤ አጥቤያለሁ። ነገር ግን እንደዚያ ሲባል ሰው ወንዝ ወርዶ ልብስ ሲያጥብ የኖረ ይመስላልና ትንሽ ከፋኝ። ቤቴ ገብቼ ለባለቤቴ ብነግራት ጋቢውን እየዳሰሰች «ታዲያ ምን እንዲሉህ ፈልገህ ነበር? ደጃዝማች?» አለችኝ። ጥጡ ጥሩ ነው ብላም ወደ ሣጥኗ ከተተችው።

ደጃዝማችነት አላማረኝም። የፈለግሁት ስለ ቁስሉ ብቻ ሳይሆን ስለ ቁስለኞቹ አንድ ቃል እንዲነገር ነበር። ሌላ ተናጋሪ ከጠፋ እንግዲህ እኔው ልናገር።

የተወለድሁት ጎንደር፣ ቀሐ ወንዝ አጠገብ ነው። አባቴ መሪጌታ ነበሩና እኔም እሳቸውን ተከትዬ ቅኔ ማኅሌት እንድቆም ይመኙ ነበር። ድምፄን ሲሰሙ ግን ምኞታቸው ቀዘቀዘ። «ይህ ልጅ ሲያዜም ሰው ጸሎቱን ይረሳል» ብለው ተዉኝ። ጣሊያን በወጣ ማግስት ማንበብና መጻፍ የሚችል ወጣት ይፈለግ ስለ ነበር ወህኒ ቤት ለድሬሰር፣ ለቁስል አጣቢ ማለት ነው፣ ረዳትነት ተቀጠርሁ። ደመወዙ ሳይመጣ ያልቅ ነበር፤ ስለሱ ከዚህ በላይ አልናገርም።

ሥራ ያስተማሩኝ አቶ ገላው ይባላሉ። በጣሊያን ጊዜ ሐኪም ቤት ውስጥ ፋሻ ሲጠቀልሉ የለመዱ፣ ቀጭን፣ ቁጡ፣ እጃቸውን ሲታጠቡ ቄስ ለቅዳሴ የሚዘጋጅ የሚመስሉ ሰው ነበሩ። በመጀመሪያው ቀን በእግር ብረት የቆሰለ እስረኛ ሰጡኝ። እኔም ቁርጭምጭሚቱን አጥቤ በፋሻ በደንብ ጠቀለልሁና ደስ ብሎኝ ቆምሁ። አቶ ገላው ፋሻውን ፈትተው ወረወሩት።

«ብረት የሚያቆስለው ከብዶ ነው እንዴ?» አሉኝ። «ሲንሸራተት ነው። ጨርቁን እግሩ ላይ ሳይሆን ብረቱ ላይ ጠምጥም። ጥፋቱ የብረቱ ነው፤ እግሩን ምን ትጠቀልለዋለህ?»

ከዚያ በኋላ አሮጌ ነጠላ እየለመንን፣ በሳሙና ቀቅለን፣ ፀሐይ ላይ አድርቀን፣ በጣት ስፋት እየተለተልን ብረት ስናለብስ ኖርን። ቁስል ላይ የደረቀ ጨርቅ ሲያጋጥመንም አንመነጭቀውም። ጨው ያለበት የፈላና የቀዘቀዘ ውሃ እያፈሰስን እስኪለቅ እንጠብቃለን። ይህ ጊዜ ይወስዳል፤ አቶ ገላው ልማዳቸውን የሚያወጡትም ያን ጊዜ ነበር። በሽተኛውን ቀና ብለው ሳያዩ፣ ውሃውን እያንጠባጠቡ፣ «ሰባት ዓመት ሲሆንህ ምን ዓይነት ልጅ ነበርህ?» ይሉታል።

በመጀመሪያ ሕመሙን ለማስረሳት የሚጠይቁት መስሎኝ ነበር። በእርግጥም ያስረሳል። ሰው የገደለ፣ ከብት የነዳ፣ ጎተራ የዘረፈ ወንድ ሁሉ ይህ ጥያቄ ሲመጣበት ፊቱ ይለወጣል። አንዱ «ከቤት እየጠፋሁ ዋሻ አድር ነበር» ይላል። አንዱ «መኝታዬን አርስ ስለ ነበር አባቴ ጎረቤት ሰብስቦ ይገርፈኝ ነበር» ይላል። ሌላው ድመት አንቆ መግደሉን፣ ሌላው ከእናቱ ሞት በኋላ ለረጅም ጊዜ ቃል ሳይተነፍስ መቅረቱን ያወራል። ስንቱን ሰማሁት! በልጅነቱ ታሞ ማንም የታመመ መሆኑን ያላወቀለት ሰው በዚያ ግቢ ብዙ ነበር። ክፉ፣ ውሪ፣ የጋኔን ልጅ የሚል ስም እንጂ በሽተኛ የሚል ስም አልወጣለትም።

አንድ ቀን ታዲያ «እንዲህ ያለ ልጅ መጨረሻው እዚህ ነው ማለት ነው?» ብዬ ጠየቅኋቸው።

አቶ ገላው ተቆጡ። «ማን እንዲህ አለህ? የኔ ታናሽ ወንድም ከእነዚህ ሁሉ የባሰ ነበር። ይነክሳል፣ ይሰብራል፣ ሌሊት እየተነሣ ይጮኻል። ዛሬ ቄስ ሆኖ አንተን ያናዝዝሃል። አጎቴ ወስዶ ከጎኑ አሳደረው፤ ሰው ሲከሰውም ‹በኔ ይሁን› ይል ነበር። እዚህ የምታያቸው ‹በኔ ይሁን› ባይ ያጡትን ነው።»

ያን ጊዜ ሽማግሌ የሚናገረው ተረት መሰለኝ። ይርጋን እስካይ ድረስ።

ይርጋ ከዳባት በኩል በከብት ስርቆት ተፈርዶበት የመጣ፣ ጢሙ ገና የሚያቆጠቁጥ ጎረምሳ ነበር። የሰጡትን ጣሳ ይሰብራል፤ ሌሊት ራሱን ከግድግዳ ጋር ያጋጫል። አቶ ገላው ጥያቄያቸውን ሲጠይቁት መጀመሪያ ምራቁን ተፋባቸው። በኋላ ግን ነገራቸው። በልጅነቱ እናትና አባቱን ተስቦ በአንድ ክረምት ጨረሳቸው። ከዘመድ ዘመድ ሲዞር ይነክስ፣ ይሰርቅ፣ እንቅልፍ ያጣ ጀመር። በዚያ አገር ንብረት ጠፍቶ ሌባው ካልታወቀ አውጫጭኝ ይጠራል። ያገሩ ሰው ሁሉ ሜዳ ላይ ይሰበሰባል፤ ጥፋተኛው ሳይታወቅም ማንም ወደ ቤቱ አይገባም። ያየ ሰው ለተመረጡ ሽማግሌዎች በምስጢር ይነግራል። ነጋሪው «ወፍ» ይባላል፤ ስሙም አይወጣም። ታዲያ በይርጋ አገር በግ ቢጠፋ፣ ማረሻ ቢጠፋ፣ ወፏ ሁልጊዜ የምትጠራው ይርጋን ነበር።

«ያላደረግሁትን ስከፍል አደግሁ» አለን። «በኋላ ካልቀረልኝ አድርጌው ልክፈል አልሁ።»

አቶ ገላው ነጠላ የመተልተሉን ሥራ ሰጡት። እጁ ሥራ ሲይዝ ልቡ ረጋ። ጭንቅላቱን ማጋጨቱን ተወ፤ እንደውም ከኔ ይልቅ ቀጥ አድርጎ ይተለትል ጀመር። ፍርዱን ጨርሶ ሊወጣ ሲል ግን ለወደፊት ጠባዩ ዋስ ጥራ ተባለ። ወደ ዳባት መልእክት ላክን፤ የመጣ የለም። ደግመን ላክን፤ «ያን እሾህ እዚያው ያዙልን» የሚል መልስ መጣ። አቶ ገላው እኔ ልሁነው ቢሉ፣ የወህኒ ቤት ሠራተኛ ለእስረኛ ዋስ አይሆንም፣ ደግሞም ርስት የለህም አሏቸው። ይርጋ ፍርዱን ጨርሶ ዋስ ስላጣ ብቻ ተቀመጠ። በየቀኑ በሩ ሲከፈት ቀና እያለ ያያል። ከዚያ ቀና ማለቱን ተወ። አንድ ቀን በአንዲት ብርድ ልብስ ተጣልቶ አንዱን እስረኛ በሰንሰለት መታውና ገደለው።

እንደገና እግር ብረት ገባ። ቁስሉን ያጠቡት አቶ ገላው ነበሩ፤ ጨርቁ እስኪለቅ ውሃውን ሲያንጠባጥቡ ያን ዕለት ምንም አልጠየቁትም። ብዙም ሳይቆይ ወደ አዲስ አበባ ወሰዱት፤ የሆነውን አልሰማሁም። እኔ በሥራ ዘመኔ ብዙ ሬሳ አይቻለሁ፤ እንደ ይርጋ ያቃጠለኝ ግን የለም። ድኖ ነበርና።

ከዚያ በኋላ ደምቢያ ውስጥ ወዳለው የኮላ ድባ ክሊኒክ ተዛወርሁ። ደምቢያ ሜዳው እህል ያበቅላል፤ ክረምት ሲሆን ደግሞ ጭቃና ወባ ያበቅላል። ክሊኒኩ አንዲት ክፍል ናት። የኔ አለቃ የሆነው ወጣት ሐኪም ከጎንደር በማኪና አልፎ አልፎ ይመጣል፤ በቀረው ጊዜ መርፌውም መጥረጊያውም እኔ ነኝ። ባላገሩ ሐኪም ብሎኝ አረፈ። ክኒን ይንቃል፤ መርፌ ያልተወጋ እንደሆነ መታከሙንም አያምንም።

አንድ ጥር ላይ ወይዘሮ ትሁን የምትባል መበለት ልጇን በገመድ አስራ መጣች። የገመዱ አንድ ጫፍ በልጁ ወገብ፣ ሌላው በሷ ወገብ ላይ ነበር።

«ምነው እናቴ፣ እንደ ጊደር?» አልኋት።

«ምን ላድርግ ጌታው? የፈታሁት ዕለት አገር ያቃጥላል። የአያ ካሴን የገለባ ክምር አንድዶ ሽማግሌ ተቀምጦብኛል። ‹ጠበል ወስደሽ እሰሪው፤ ካልሆነ ይህ ልጅ ሲያድግ ያርደናል› አሉኝ።» ይህን ስትል ልጇ እንዳይሰማ ጆሮውን በመዳፏ ሸፈነችው።

ልጁ ደምሴ ይባላል። እግሩ አንድ አፍታ አይቆምም። ሌሊት አይተኛም፤ የቀረበውን ይነክሳል። የኔታ ፊደል ሊያስቆጥሩት ቢሉ አልቀመጥ ብሎ አባርረውታል። ገመዱ ወገቡን ልጦት ነበርና ሸሚዙ ቁስሉ ላይ ደርቋል። ውሃውን እያንጠባጠብሁ የአቶ ገላውን ጥያቄ ልጠይቅ አፌን ከፈትሁና ዘጋሁት። ሰባት ዓመቱ ነበርኮ። ሲሆን እያየሁት ምኑን እጠይቀዋለሁ?

ሐኪሙ ሲመጣ ነገርሁት። የተማረ ነው፤ ሰውም ነው። «የዚህ ሐኪም ቤት አዲስ አበባ እንጂ እዚህ የለም» አለኝ። «መጀመሪያ እንቅልፍ ያግኝ። እናትየውንም አትተዋት» ብሎ ለጊዜው የሚሆን የእንቅልፍ ክኒን በልክ አዘዘ። እናቱ ጠበሉንም እየወሰደች አስጠመቀችው፤ እሰይ አልኋት፤ እሰሪው ያሏትን ብቻ እንድትተው ለመንኋት። ቁስሉን እያመካኘሁ ቶሎ ቶሎ እንዲመጡ አደረግሁ። ልጁ ግን አይናገርም። መርፌ የምቀቅልበትን የቡታጋዝ እሳት ፈዝዞ ያያል፤ ያን ጊዜ ብቻ እግሩ ይቆማል።

አንድ ቀን ከእሳቱ ዓይኑን ሳይነቅል «እሳት ከሩቅ ይታያል?» አለኝ።

«ይታያል።»

«ውሃ ውስጥ ላለ ሰውስ?»

ወደ እናቱ ዞርሁ። ነጠላዋን አፏ ላይ አድርጋ ታለቅሳለች። ባለፈው ክረምት አባቱ የሞላውን የመገጭ ወንዝ ሲሻገር ልጁ ዓይኑ እያየ ነው ውሃ የወሰደው። ሬሳው አልተገኘም። አገሩ ችቦ አብርቶ ወንዙን ሲፈልግ አደረ፤ ሲነጋ ችቦውን አጥፍቶ ገባ። ልጁ ግን አላጠፋም። ክምሩን ያነደደው ለአባቱ ነበር።

ለሁሉም ልጅ እንዲህ ምክንያቱ ይገኛል አልልም። ምክንያቱ ያልተገኘ ስንቱን አይቻለሁ። የደምሴ ግን ተገኘ፤ የምናውቀው እኔና እናቱ ብቻ ነበርን።

በዚያው ሰሞን አያ ካሴ፣ ክምራቸው የተቃጠለባቸው ገበሬ፣ መጥረቢያ ስቶ እግራቸውን መትቷቸው መጡ። ርስታቸው ሰፊ፣ ቃላቸው የሚከበር፣ ትልቅ ሰው ናቸው። ያሰሩበት ጨርቅ እስኪለቅ ስጠብቅ ጥያቄው ከአፌ አመለጠኝ።

«አያ ካሴ፣ በሰባት ዓመትዎ ምን ዓይነት ልጅ ነበሩ?»

«እኔ? ሸጋ ልጅ ነበርሁ!» ብለው ሳቁ። «ምነው፣ አሁን ሸጋ አይደለሁም?»

በሚቀጥለው ጊዜ ሲመጡ ግን ሳልጠይቃቸው ጀመሩ። «ያን ዕለት ዋሽቸሃለሁ። ታናሽ እህቴ ከሞተች ወዲያ አብጄ ነበር። ሌሊት እየተነሣሁ የጎረቤቱን ጥጃ ሁሉ እፈታለሁ፤ ጠዋት ያገሩ ላም ሁሉ ተጠብታ ትገኛለች። አባቴ ሊጥለኝ ነበር። አጎቴ ከሞፈሩ ኋላ አስከትሎ አዋለኝ። ሌላ መድኃኒት አላደረገልኝም።» ቀና ብለው አዩኝና «ይህን ለሚስቴም ነግሬያት አላውቅ። ምን አስጠየቀህ?» አሉኝ።

የበሽተኛ ምስጢር ማውጣት ነውር ነው። ስለዚህ መጀመሪያ ወይዘሮ ትሁንን አስፈቀድሁና ከዚያ የልጁን ነገር ነገርኋቸው። አያ ካሴ ተነሥተው ከዘራቸውን ይዘው ወጡ። ተቆጡ ብዬ ፈራሁ። በነጋታው ግን ወደ መበለቲቱ ቤት ሄደው «እህል ልወቃ ነው፤ በሬ የሚያዞርልኝ ልጅ ስጭኝ» አሏት።

ውድማ ላይ በሬ መንዳት ቀኑን ሙሉ መዞር ነው። ለሌላ ልጅ ቅጣት ነው፤ ለደምሴ ግን ለሱ ተብሎ የተፈጠረ ሥራ ሆነ። ማታ ደክሞት ይወድቅና ይተኛል። የኔታም ይህን ሲሰሙ «እንግዲያው እየዞረ ይማር» ብለው ንባቡን በቤተ ክርስቲያኑ ዙሪያ እየተራመደ እንዲለው ፈቀዱለት። ክኒኑን ሐኪሙ አስቆመው። ወዲያው መልአክ ሆነ አልልም፤ በዓመቱም አንድ ልጅ ነክሶ ተሽማግለናል። ሰው ግን በገመድ አልያዘውም። ሥራ ሲፈታም ክሊኒክ እየመጣ፣ ቁስለኛውን ስለ ሰባት ዓመቱ ስጠይቅ አጠገቤ ቆሞ ይሰማኝ ነበር።

ደምሴ ጎረምሳ ሲሆን፣ በአንድ መኸር፣ የአንድ ግራዝማች የጤፍ ክምር ነደደ። አዝመራ ሙሉ የተለፋበት ነውና አገሩ እሪ አለ። ማን እንዳቃጠለው አልታወቀም። አውጫጭኝ ተጠራ፤ እኔም ያገሩ ነዋሪ ነኝና ክሊኒኩን ዘግቼ ሜዳው ላይ ከሰዉ ጋር ተቀመጥሁ። የሰዉ ዓይን ሁሉ አንድ ቦታ ነበር። ደምሴ ዳር ላይ ብቻውን ቆሟል። እግሩ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል። ሄጄ አጠገቡ ቆምሁ።

«አያ ሐኪም፣ እኔን ነው የሚሉት።»

«ገና ማንም አላለም።»

«ወፏ እስክትናገር ምን ያስጠብቀኛል? ጣና ዳር ደንገሉ ውስጥ ብገባ ማን ያገኘኛል?»

«ከሸሸህ አንተ ነህ ማለት ነው።»

«ባልሸሽስ?»

ይርጋ ፊቴ ላይ ድቅን አለብኝ። ይህ ልጅ ዛሬ ደንገሉ ውስጥ ከገባ ሽፍታ ሆኖ እንጂ ደምሴ ሆኖ እንደማይወጣ አውቀዋለሁ። ከቀረም ወፏ ትጠራዋለች፤ ያላደረገውን መክፈል ይጀምራል።

ጭቃ ሹሙ ተነሡና «እንዳያመልጥ የደምሴን ነገር እስክናይ ይታሰር። ዋስ ካለው ይጥራ» አሉ።

«እኔ ዋሱ ነኝ!» ብዬ ጮኽሁ።

«አንተማ ሐኪሙ የመንግሥት ሰው ነህ» አሉኝ በትሕትና። «ነገ ዛወር ቢሉህ የት እናገኝሃለን? ርስት የለህ።» እንደ አቶ ገላው እጄን አጣምሬ ቀረሁ። ሁለት ሰዎች ገመድ ይዘው ሲነሡ ደምሴ ወደ ጣና በኩል ዞር ብሎ አየ። እጁን ያዝሁት።

ያን ጊዜ ከሽማግሌዎቹ መካከል አያ ካሴ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሡ። «ዋሱ እኔ ነኝ» አሉ።

«ምነው አያ ካሴ!» አለ አንዱ። «የራስዎን ክምር ላቃጠለው?»

«አዎ፣ የኔን አቃጥሏል። ስደርስ እሳቱ ዳር ቆሞ አገኘሁት። ብመታውም አልሸሸ። አባቱን ሲፈልግ ነበር፤ ይህን ያላወቀ ዛሬ ይወቅ።» ዓይናቸውን በሰዉ ላይ አዞሩ። «የግራዝማችን ክምር ያቃጠለው ግን እዚህ መካከላችን እግሩን አጥፎ ዝም ብሎ ተቀምጧል። ደምሴ አቃጥሎ ዝም ብሎ ይቀመጣል ትሉኛላችሁ? ይህ ልጅ ሳያቃጥልስ መቼ ተቀምጦ ያውቃል?»

ሰዉ ሳቀ። ጭቃ ሹሙም ሳቁ። ገመድ የያዙት ሁለቱ መልሰው ተቀመጡ። ሳቁ ሲበርድ ግን አንድ ሰው ሳይስቅ ቀርቶ ነበር። የግራዝማቹ አማች ነው። አንገቱን ደፍቶ ቆየና ወፍም ሳይጠብቅ ተነሣ። በክምሩ ሥር ያሉትን አይጦች አወጣለሁ ብሎ ጉድጓዱን በጭስ ሲያጥን እሳቱ እንዳመለጠው፣ አማቱን ፈርቶም ዝም እንዳለ ተናገረ። በሽማግሌ አለቀ። ወይዘሮ ትሁን ዕልል ብላ የአያ ካሴን ጉልበት ሳመች፤ እኔም ከሕዝብ ፊት አለቀስሁ፤ አላፈርሁም።

ኋላ አቶ ገላው ጡረታ ሲወጡ በሳቸው ቦታ ወደ ጎንደር ተመለስሁ። ከጎንደር ወጣ ብላ ፀዳ ከምትባለው ከተማ ቤታቸው ሄጄ የደምሴን ነገር ከመጀመሪያው ስተርክላቸው ዓይናቸውን ጨፍነው ሰሙኝ። «ዋስ አገኘ?» ሲሉ ብቻ ጠየቁኝ። አዎ ስላቸው «ተመስገን» አሉ፤ በዚያ ቁጡ ፊታቸው ላይም ፈገግታ አየሁ።

ጡረታ ልወጣ በተቃረብሁበት ጊዜ አንድ ጠዋት ወህኒ ቤቱ በር ላይ ደምሴን አየሁት። ሙሉ ሰው ሆኗል፤ ከኋላው ወታደር ቆሟል። የያዝሁትን ሣህን መሬት አስቀምጬ ሮጥሁ።

«ደምሴ! ምን አደረግህ?»

«ምንም አላደረግሁ፣ አያ ሐኪም» አለና ሳቀ። «ወረፋ ይዤ ነው። ዋስ ልሆን መጥቸ።»

ከኮላ ድባ በስርቆት የመጣ፣ ፍርዱን የጨረሰ፣ ዋስ ያጣ አንድ ጎረምሳ ነበረን። ጸሐፊው ደምሴን «ለልጁ ምኑ ነህ?» አለው።

«ምኑም አይደለሁ።»

«ርስት አለህ?»

«የአባቴ አለኝ።»

«ቢጠፋ በሱ ፋንታ አንተ ገብተህ እንደምትቀመጥ ታውቃለህ?»

«አውቃለሁ» አለ ደምሴ።

«እሱ? መቀመጥ?» አልሁት ጸሐፊውን። «ሌላ ቅጣት ፈልጉለት።»

ጎረምሳውን አመጡልኝ፤ ብረቱን ፈታንለት። ጨርቁ ቁስሉ ላይ ደርቆ ስለ ነበር ውሃ ማንጠባጠብ ጀመርሁ። ደምሴ ከጎኔ ቆሞ ሣህኑን ያዘልኝ። እኔ አፌን ሳልከፍት እሱ ወደ ልጁ ጎንበስ ብሎ «ሰባት ዓመት ሲሆንህ ምን ዓይነት ልጅ ነበርህ?» አለው። ቀና ብዬ አየሁት። እግሩ እንደ ድሮው ይንቀጠቀጣል፤ ከሣህኑ ግን አንዲት ጠብታ ውሃ አልፈሰሰም።